ነርቭ ቺፕ ላይ ሲናገር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬን የሰማ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «አንጎልን ከኮምፒውተር ጋር ታገናኛላችሁ አሉ፤ እውነት ነው?» ግማሹ የሚጠይቀው በአድናቆት፣ ግማሹ በስጋት ነው። እኔ በምሠራበት ጠረጴዛ ላይ ግን የተገናኘ ነገር የለም። የነርቭ ሴሉ በጨዋማ ውኃ ውስጥ ሆኖ ቺፕ በሚባል፣ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች በተሠሩበት የሲሊከን ቁራጭ ላይ ተቀምጧል፤ ቺፑ ከሥር ሆኖ ያዳምጣል። በመካከላቸው በዓይን የማትታይ ስስ ውኃ አለች። የዚህ ሙያ ጣጣም ጥበብም ያለው እዚያች ውኃ ውስጥ ስለሆነ፣ መልሶቼ ደጋግመው ወደ እርሷ ቢመለሱ አትታዘቡኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነርቭ ሴል ኤሌክትሪክ ከግድግዳው ሶኬት ኤሌክትሪክ ጋር አንድ ነው?

አይደለም። በሽቦ ውስጥ የሚሄዱት ኤሌክትሮኖች ናቸው። በነርቭ ሴል ግን የሚገቡትና የሚወጡት በውኃ የሟሙ አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙሌት ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው፤ በተለይ ሶዲየምና ፖታሲየም። ሴሉ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የውስጡ ቮልቴጅ ከውጪው በ70 ሚሊቮልት ገደማ ያነሰ ነው። መልእክት ሲያስተላልፍ በሽፋኑ ላይ ያሉት የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ፣ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፣ ቮልቴጁ 100 ሚሊቮልት ያህል ሽቅብ ይዘላል፤ ከዚያ ፖታሲየም ሲወጣ ተመልሶ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። እኛ «ምት» እንለዋለን።

ነርቭና ኤሌክትሪክ እንደሚተዋወቁ ቦሎኛ ላይ በእንቁራሪት እግር ያሳየው ሉዊጂ ጋልቫኒ ነው፤ ጽሑፉን ያሳተመው በ1791 ነበር። የምቱ አሠራር በቁጥር ተሰልቶ የተነገረው ግን በ1952 ነው። ሆጅኪንና ሃክስሊ የተባሉት እንግሊዛውያን ስኩዊድ ከሚባለው የባሕር እንስሳ የነርቭ ክር ወስደው ለኩ። ለምን ስኩዊድ ቢሉ፣ ክሩ በዓይን እስኪታይ ድረስ ወፍራም ስለሆነ በውስጡ ሽቦ ማስገባት ይቻላል።

ሐኪም ቤት ራስ ላይ የሚለጠፈውስ ይህንኑ አይለካም?

ይለካል፤ ከሩቅ ሆኖ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ራሱ ላይ የሚለጠፉት የኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ምርመራ) ኤሌክትሮዶች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚቀበሉ ጥቃቅን ብረቶች፣ የሚሰሙት እጅግ ብዙ ሴሎች በአንድነት ሲሠሩ የሚፈጠረውን ድምር ነው። እንጦጦ ላይ ቆሞ የአዲስ አበባን ጉምጉምታ እንደመስማት ነው። ከተማው እንደነቃ ወይም እንደተኛ ይታወቃል፣ ሁከት ቢነሳም ይሰማል፤ ማን ምን እንዳለ ግን አይለይም።

ሌላው ጫፍ ወደ ቤት ዘልቆ መግባት ነው። ጎቲንገን ላይ ኔየርና ዛክማን በ1976 ያስተዋወቁት ዘዴ አለ፤ ጫፏ እጅግ የቀጠነ የመስታወት ቧንቧ ከሴሉ ሽፋን ጋር አጣብቆ ውስጡን ማድመጥ። በ1991 ኖቤል አሸልሟቸዋል፣ ይገባቸዋልም። ጥራቱ አቻ የለውም። ችግሩ በአንድ ጊዜ የሚደመጠው አንድ ሴል፣ እጅ ለተባረከ ሰው ቢበዛ ጥቂት መሆኑ ነው፤ ሴሉም ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

ቺፑ የሚቆመው በሁለቱ መካከል ነው። ሠርግ ቤት ሳይገባ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ከበሮውን የሚሰማ ሰው ማለት ነው። የውስጡን ወሬ ሁሉ አይሰማም፤ ከበሮው መቼ እንደተመታ ግን አይስትም። ደግሞም በአንድ ጊዜ በሺሕ አጥሮች ጥግ መቆም ይችላል።

ቺፑ ውስጥ ያለው ትራንዚስተር እንዴት አድርጎ ያዳምጣል?

የመስኖ ቦይ አስቡ። ውኃው ከምንጩ ወደ ማሳው ይወርዳል፤ በመካከል ያለችው ሳንቃ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ስትል የሚያልፈው ውኃ ይበዛል ወይም ያንሳል። ትራንዚስተር ውስጥ ቦዩ በሲሊከን ውስጥ የተሠራ ጠባብ መስመር ነው፤ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። የሳንቃዋ ቦታ «በር» ይባላል። ልዩነቱ ይህ በር ቦዩን አለመንካቱ ነው፤ በመካከላቸው መስታወት መሰል የሲሊከን ኦክሳይድ ንብርብር አለ። በሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ በንብርብሩ ማዶ ሆኖ ጅረቱን ይገታል ወይም ይለቃል።

ኮምፒውተር ውስጥ ባለው ትራንዚስተር በሩ ላይ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ንጣፍና ሽቦ አለ። እኛ እሱን እናስቀረዋለን። በቦታው ጨዋማ ውኃ እናፈሳለን፤ ሴሉን እላዩ ላይ እናስቀምጣለን። አሁን ጅረቱን የሚያዝዘው ሴሉ ነው። ሴሉ ምት ሲሰጥ ከሥሩ ያለው ውኃ ቮልቴጅ ለቅጽበት ይለወጣል፣ ከኦክሳይዱ ማዶ ያለው ጅረት ያንን ተከትሎ ይርገበገባል፣ እኛም ርግብግቢቱን አጉልተን እንመዘግባለን። ስልካችን ጠብታ ውኃ ሲነካው የምንደነግጥ ሰዎች፣ እዚህ ቺፕን ሆን ብለን ጨው ውስጥ ነክረን እንውላለን።

ይህን ነገር ማን ጀመረው?

ሐሳቡ የመጣው ከሆላንድ ነው። ፒት በርግፌልድ በ1970 የትራንዚስተሩን የበር ብረት አንስቶ አዮን የሚለካ መሣሪያ መሥራቱን ሲያሳትም ዓላማው የነርቭን እንቅስቃሴ መለካት ነበር። የሚገርመው የመሣሪያው ዕጣ ሌላ ሆነ፤ ዛሬ ዘሮቹ የሚታወቁት የፈሳሽን አሲድነት በመለካት ነው። ለነርቭ የታሰበው ልጅ አሲድ ለኪ ሆኖ አደገ።

የነርቭ ሴልን ብቻውን ትራንዚስተር ላይ አስቀምጦ ምቱን መስማት የተሳካው በ1991 ነው፤ ጀርመን፣ ኡልም ውስጥ፣ በፔተር ፍሮምሄርዝና ባልደረቦቹ። የመረጡት ሴል የአልቅት ነው። አዎ፣ ያው ከብት ውኃ ሲጠጣ አፉ ውስጥ የሚገባው አልቅት ዘመድ። የአልቅት ሬትሲዩስ ሴል ስፋቱ 60 ማይክሮሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ በእኛ አንጎል ካሉት ሴሎች ብዙዎቹን በበርካታ እጥፍ ይበልጣል። ለጀማሪ ጆሮ ከበሮው ትልቅ ቢሆን ይሻላል።

ሴሉና ቺፑ በእርግጥ አይነካኩም?

አይነካኩም፤ ደግሞም የሥራው ሁሉ ልብ ይህ ነው። ሴሉ ቺፑ ላይ የተለጠፈ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ከ50 እስከ 100 ናኖሜትር የምትሆን የውኃ ንጣፍ ትቀራለች። ከአንድ ፀጉር ውፍረት አንድ ሺሕኛ ገደማ ናት። የሴሉ ሽፋን እንደ ጎፈሬ በቆሙ የስኳርና የፕሮቲን ጭራዎች የተሸፈነ ስለሆነ እስከ መጨረሻው መጠጋት አይችልም።

ብዙ ጎብኚ «ውኃዋ ባትኖር ጥሩ ነበር» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ምት ሲመጣ አዮኖች በሴሉ ሽፋን በኩል ወደዚያች ስስ ውኃ ይገባሉ ወይም ከእርሷ ይወጣሉ። ይህ ጅረት መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ በጠባቧ ንጣፍ ወደ ጎን ተሽሎክሉኮ ወደ ሰፊው ፈሳሽ መድረስ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ይጨናነቃል፤ በጭንቅንቁም ቮልቴጅ ይፈጠራል። ትራንዚስተሩ የሚሰማው ያንን ቮልቴጅ ነው። ስለዚህ ውኃዋ በቀጠነች ቁጥር ጭንቅንቁ ይበረታል፣ ድምፁም ይጎላል። ሴሉ ጥቂት ቀና ካለ ግን ጅረቱ በሰፊው መንገድ ያመልጣል፣ እኛም ዝምታ እንመዘግባለን።

በሴሉ ውስጥ 100 ሚሊቮልት የነበረው ምት ቺፑ ዘንድ ሲደርስ እንደ ሴሉ ዓይነት ከጥቂት ሚሊቮልት እስከ አሥር ቤት ማይክሮቮልት ወርዶ ይገኛል። ትልልቆቹ የአልቅትና የቀንድ አውጣ ሴሎች ቸር ናቸው። የአይጥ ሴሎች ግን ስስታም ናቸው።

ውኃዋን ለማቅጠን ቺፑን ፖሊላይሲን በሚባል ነገር እንቀባዋለን። እሱ አዎንታዊ ሙሌት አለው፣ የሴሉ ሽፋን ደግሞ አሉታዊ፤ ይሳሳባሉ። ቅቡ ሲዛባ የቀኑ ሥራ እንዳለ ይበላሻል፤ ሴሎቹ እንደ ኳስ ድብልብል ብለው ይቀራሉ። በማይክሮስኮፕ ገና ሲታዩ ውጤቱን ታውቁታላችሁ።

አንድ ሙከራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምን ይመስላል?

የቀንድ አውጣውን ልንገራችሁ፤ እኔ የምወደው እሱን ነው። የኩሬ ቀንድ አውጣ የነርቭ እምብርቶች፣ ማለትም የነርቭ ሴሎቹ የተሰባሰቡባቸው ቋጠሮዎች፣ ጉሮሮውን ከብበው የተቀመጡና ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ናቸው። አውጥተን በኢንዛይም ሽፋናቸውን እናላላለን፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር፣ በቀጭን የመስታወት ቧንቧ፣ አንድ ሴል እየመጠጥን ቺፑ ላይ፣ ልክ ትራንዚስተሩ አናት ላይ እናሳርፋለን። እጅ ከተንቀጠቀጠ ሴሉ ይፈርጣል። እኔ ጠዋት ቡና ከመጠጣቴ በፊት አልሠራውም፣ ከሁለተኛው ስኒ በኋላም አልሠራውም።

የሚቀመጡበት ፈሳሽም ተራ አይደለም። የሌሎች ቀንድ አውጣዎች የነርቭ እምብርቶች ለቀናት ተዘፍዝፈውበት ያደረ ነው፤ ለማደግ የሚያስፈልጋቸውን ነገር ከዚያ ያገኛሉ። እርሾ እንደማለት ነው፤ ያለ እሱ ሴሉ አይነሳም።

ከዚያ እንጠብቃለን። በሁለት ቀን ውስጥ ሴሎቹ ክር አውጥተው እርስ በርስ ይገናኛሉ። እዚህ ላይ ነው ጉድ የሚፈላው፤ ክሩ እያደገ ሲሄድ ሴሉን ይጎትተዋል። ስናስቀምጠው ትራንዚስተሩ ላይ የነበረው ሴል በማግሥቱ ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ይገኛል። ሙኒክ አጠገብ ማርቲንስሪድ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ጉንተር ጼክና ፍሮምሄርዝ በ2001 ያሳተሙት መፍትሔ ስመለከተው እስከ ዛሬ ፈገግ ያሰኘኛል፤ በእያንዳንዱ ሴል ዙሪያ ከፕላስቲክ ጥቃቅን እንጨቶችን ተክለው አጠሩት። በረት ማለት ነው። ክሮቹ በእንጨቶቹ መካከል ይወጣሉ፣ ሴሉ ግን መውጣት አይችልም።

ቺፑ መልሶ ሊናገር ይችላል?

ይችላል። የፍሮምሄርዝ ቡድን በ1995 ከቺፑ የተላከ የቮልቴጅ ለውጥ የአልቅት ሴልን ምት እንዲሰጥ እንደሚያደርግ አሳይቷል፤ በኦክሳይዱ ውስጥ ያለፈ ቋሚ ጅረት ሳይኖር። በበረቱ ሙከራ ደግሞ ቺፑ አንዱን ቀንድ አውጣ ሴል ቀሰቀሰ፣ ያ ሴል ለጎረቤቱ አስተላለፈ፣ የጎረቤቱን ምት ሌላ ትራንዚስተር ሰማ። ከሲሊከን ወጥቶ ወደ ሲሊከን የተመለሰ ወሬ።

በአንድ ቺፕ ላይ ስንት ዳሳሾች ይቀመጣሉ?

በ2003 ማክስ ፕላንክና ኢንፊኒየን የተባለው የቺፕ ኩባንያ በጋራ ይፋ ያደረጉት ቺፕ በአንድ ሚሊሜትር ካሬ ላይ 16,384 ዳሳሾች፣ ማለትም የሚያዳምጡ ነጥቦች፣ ነበሩት፤ 128 በ128፣ ከአንዱ እስከ ሌላው 7.8 ማይክሮሜትር። ሁሉንም በሰከንድ 2,000 ጊዜ ያነብ ነበር። ዙሪክ የሚገኘው ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ባዝል ባለው ክፍሉ የሠራው ደግሞ 26,400 ኤሌክትሮዶች አሉት፤ በአንድ ጊዜ የሚነበቡት ግን 1,024 ናቸው።

«ሁሉም አለ፣ ለምን ሁሉም አይነበብም?» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ቦታ ነው። ትራንዚስተር በራሱ ያጉረመርማል፤ በተለይ በዝቅተኛ ድግግሞሽ። ባነሰ ቁጥር ማጉረምረሙ ይብሳል። ዳሳሾችን አጠጋግቶ ለመደርደር ትራንዚስተሩን ማሳነስ ግድ ነው፤ ያነሰው ትራንዚስተር ደግሞ ከሴሉ ይልቅ ራሱን ይሰማል። ስለዚህ የባዝሎቹ ብልሃት ጸጥተኛና ትልልቅ ማጉያዎችን ከሜዳው ዳር አስቀምጦ፣ የፈለጉትን 1,024 ኤሌክትሮድ በመቀያየሪያ ማገናኘት ነው። የቀደመው ቺፕ ብዛትን መረጠ፣ ይኼኛው ጥራትን። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ የማይሰማ ሺሕ ጆሮ ምን ያደርጋል።

የሰማችሁት ምት የሴሉ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ሰሞን ከሰዓት በኋላ ላይ ደርሶ የሚመጣ የሚያምር ምት መዘገብኩ። ስለታም ነው፣ ጊዜውን ጠብቆ ይደጋገማል፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ዳሳሾች ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳይ ምቱ በሁሉም ላይ፣ በእኩል መጠን፣ በአንድ ቅጽበት ይታያል። የእውነተኛ ሴል ምት ግን ከሥሩ ባሉት ጥቂት ዳሳሾች ብቻ ይሰማል፣ ራቅ ሲሉ ይሞታል። ሴሉ አልነበረም። በጎረቤት ክፍል ጀበናዬን የጣድኩባት የኤሌክትሪክ ምድጃ ሙቀቷን ለመጠበቅ ስትበራና ስትጠፋ ነበር። ቡናዬን ነበር የመዘገብኩት።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በብረት ሳጥን ውስጥ ነው የሚውለው። የመብራት ኃይል 50 ኸርዝ እንዝዝታ ግን በስንጥቅ ሁሉ ይገባል፤ እሱን ማሳደድ የዕለት እንጀራችን ነው።

ሴልን ከሴል መለየት ሌላ ጥበብ ነው። እናት በጨለማ ልጇን በሳሉ እንደምትለይ፣ እያንዳንዱ ሴል በዙሪያው ባሉ ዳሳሾች ላይ የሚጥለው የምት ቅርጽ የራሱ ነው። ኮምፒውተር እነዚህን ቅርጾች ይመድባል። ብዙ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፦ 384 መስመሮችን በሰከንድ 30,000 ጊዜ ስትመዘግቡ አንድ ሰዓት 80 ጊጋባይት ገደማ ይበላል።

ሴሎች ቺፕ ላይ ጨዋታ ተጫወቱ የተባለው እውነት ነው?

ሙከራው እውነት ነው። ሜልበርን ያለው ኮርቲካል ላብስ የተባለ ኩባንያ ከባልደረቦቹ ጋር በ2022 ያሳተመው ነው። 800,000 ያህል የሰውና የአይጥ ሴሎች ቺፕ ላይ አድገው ፖንግ ከሚባለው የጥንት ኳስ ጨዋታ ጋር ተያያዙ። ኳሷ የት እንዳለች በኤሌክትሪክ ይነገራቸዋል፣ የእነሱ ምት ደግሞ መምቻዋን ያንቀሳቅሳል። ሲመቱ ሥርዓት ያለው ምልክት፣ ሲስቱ የተዘበራረቀ ምልክት ይላክላቸዋል። ከጊዜ በኋላ ኳሷን ይዞ መቆየታቸው ተሻሻለ።

«ተጫወቱ» የሚለው ቃል ግን ከሙከራው ይበልጣል። ደራሲዎቹ ለሴሎቹ የተጠቀሙበት፣ ስሜት እንዳላቸው የሚያስመስል አነጋገር ብዙ የሙያ ሰዎችን አስቆጥቷል፤ እኔንም አልጣመኝም። ሴሎቹ ኳስ አያውቁም።

በሕያው አንጎል ውስጥስ?

እዚያ ጠፍጣፋ ቺፕ አይሆንም፤ መርፌ ያስፈልጋል። የላብራቶሪ እንስሳት ላይ የሚሠሩ ሰዎች ዛሬ አብዝተው የሚጠቅሱት ቤልጅየም፣ ሉቨን ውስጥ አይሜክ የተባለው የምርምር ማዕከል የሚያመርተውን ኒውሮፒክስልስ ነው። በ2017 ይፋ ሲሆን አሥር ሚሊሜትር ርዝመትና 70 ማይክሮሜትር ወርድ ባላት የሲሊከን መርፌ ላይ 960 መቅጃ ነጥቦች ነበሩት፤ በአንድ ጊዜ 384ቱ ይነበባሉ። ማጉያዎቹ መርፌዋ ሥር፣ እዚያው ሲሊከን ላይ ናቸው።

በሰው ላይ ከ2004 ጀምሮ አካላቸው ሽባ በሆነ ፈቃደኞች የተሞከረው በአሜሪካ፣ ዩታ የተወለደው፣ አራት ሚሊሜትር በአራት ሚሊሜትር ላይ መቶ መርፌዎች የተተከሉበት ሰሌዳ ነው። ሰዎቹ በሐሳባቸው የኮምፒውተር ጠቋሚ አንቀሳቅሰውበታል። የኢሎን መስክ ኒውራሊንክ በ2024 መጀመሪያ ለመጀመሪያው ሰው የተከለው 1,024 ኤሌክትሮዶች በ64 ቀጫጭን ክሮች ላይ ያሉት ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ከክሮቹ የተወሰኑት ከአንጎሉ ተንሸራተው መውጣታቸውን ኩባንያው ራሱ ተናግሯል። የበረቱ ችግር እንደገና መጣ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሸሸው ሴሉ ሳይሆን ክሩ መሆኑ ነው።

አንጎል ባዕድ ነገር ሲገባበት ዙሪያውን በጠባሳ ያጥረዋል። ጠባሳው ሴሎቹን ከኤሌክትሮዱ ያርቃል፣ ድምፁም በወራትና በዓመታት ውስጥ ይደክማል። ስለ ስስ ውኃ የነገርኳችሁ ሁሉ እዚህ በሕያው ሥጋ ይደገማል።

ሐሳቤን ሊያነቡብኝ ይችላሉ?

ሳታውቁት አይችሉም። የራስ ቅል ተከፍቶ፣ መሣሪያ ተተክሎ፣ ሰውየው እየተባበረ ለሰዓታት ልምምድ ተደርጎ የሚገኘው የእጅ ወይም የአፍ እንቅስቃሴ ሐሳብ ነው።

ቺፑ አንዴ ተጠቅማችሁ ትጥሉታላችሁ?

ታጥቦ ብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ ጠላቱ ጨው ነው። በሽፋኑ ቀዳዳ የገባ ፈሳሽ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ለዚህ ነው ለፈሳሹ የሚጋለጡ ኤሌክትሮዶች ከፕላቲነም ወይም ከቲታኒየም ናይትራይድ የሚሠሩት። ጥሩ ቅብ ያለው ቺፕ ላይ የአይጥ ሴሎች በ37 ዲግሪ ሙቀት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይኖራሉ።

ይህን ሥራ የሚፈልግ ተማሪ ያለ ውድ መሣሪያ የሚሞክረው ነገር አለ?

አለ፤ በረሮ ካለ። በረሮውን በረዶ ባለበት ውኃ አደንዝዙትና አንድ እግሩን ቁረጡ። ሁለት ስፒሎች እግሩ ውስጥ ሰክታችሁ በባትሪ ከሚሠራ ትንሽ ማጉያና ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኙ። በባትሪ ብቻ ይሁን፤ ከግድግዳ ሶኬት ጋር አይሁን። ከዚያ የእግሩን ፀጉሮች በስቴኪኒ ጫፍ ንኳቸው። ፈንዲሻ ሲፈካ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይመጣል፤ እያንዳንዷ ቷ የምትል ድምፅ የአንድ የነርቭ ሴል ምት ናት።

ስትጨርሱ ስፒሎቹን ከማጉያው ነቅላችሁ በጆሮ ማዳመጫ ሽቦ ከስልክ ጋር አገናኙና ዘፈን ክፈቱ። እኔ የሞከርኩት በሠርግ ዘፈን ነበር። ከበሮው በተመታ ቁጥር እግሩ ተወራጨ።